ኤስፔራር፦ መጠበቅ ነው ወይስ ተስፋ ማድረግ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ስሠራ አጠገቤ አንዲት የኤል ሳልቫዶር ሴት ትሠራ ነበር። ልጇ 15 ዓመት ሊሞላት ነበር። ይህ ለእነሱ ትልቅ ድግስ ነው፤ ኪንሴአኜራ ይሉታል። አርብ ማታ ሥራ ጨርሰን ሽርጣችንን ስንፈታ በስፓኒሽ «ኤስፔሮ ኬ ቤንጋስ» አለችኝ።

እኔ የማውቀው «ኤስፔሮ» የመጣበት ግስ ኤስፔራር ማለት መጠበቅ እንደሆነ ነው። ስለዚህ «እጠብቅሃለሁ» ያለችኝ መሰለኝ። ቅዳሜ እስከ ማታ ሥራ ነበረኝ። በእኔ ምክንያት ድግሱ እንዳይዘገይ ብዬ «ኖ ሜ ኤስፔሬስ» አልኳት። «አትጠብቂኝ፣ እናንተ ጀምሩ፣ እኔ አርፍጄ እደርሳለሁ» ማለቴ ነበር። ፊቷ ልውጥ አለ። እሷ ያለችኝ «እንደምትመጣ ተስፋ አደርጋለሁ» ነው። ከእኔ የሰማችው ደግሞ «እመጣለሁ ብለሽ አታስቢ» የሚል ነው። ሰኞ ዕለት ሌላ ሠራተኛ አስተርጉሞልን ተግባባን። ድግሱ ግን አልፎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል በደንብ አጠናሁት። ስፓኒሽ የሚማሩ ወዳጆቼም ስለ እሱ ደጋግመው ይጠይቁኛል። መልሶቼን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

ኤስፔራር ስንት ትርጉም አለው?

ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው መጠበቅ ነው፤ አውቶቡስ ወይም ሰው እንደምንጠብቀው። ሁለተኛውም መጠበቅ ነው፤ «ከእሱ ይህን አልጠበቅኩም» እንደምንለው፣ ይሆናል ብሎ ማሰብ። ሦስተኛው ተስፋ ማድረግ ነው።

በ1713 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የተቋቋመው የስፔን የቋንቋ አካዳሚ መዝገበ ቃላት ተስፋውን ያስቀድማል። ቆሞ መጠበቁ ከኋላ ይመጣል። ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ በተቃራኒው ነው የሚማረው። መጀመሪያ «መጠበቅ» ብሎ ይይዝና በኋላ ግራ ይገባዋል። እኔም የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው።

አንድ ቃል ይህን ሁሉ እንዴት ይሸከማል? ተናጋሪዎቹ አይምታታባቸውም?

ይህን ጥያቄ አማርኛ ተናጋሪ ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል። መልሱ እጁ ላይ ነው።

እስቲ «ጠበቀ» የሚለውን የራሳችንን ቃል እንየው። በር ላይ ያለው ዘበኛ ግቢውን ይጠብቃል። ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመው ሰው ተራውን ይጠብቃል። ውጤት ያልመጣለት ተማሪ ውጤቱን ይጠብቃል። ሠርቶ የማይበላውን ሰው «የሰው እጅ ጠባቂ» እንለዋለን። ፍርድ ቤት የሚከራከርልን ሰው እንኳ «ጠበቃ» ነው። በዚያ ላይ በጽሑፍ ካየነው ገመዱም «ይጠብቃል»። «ብ»ን ካጠበቅናት መጠበቅ ነው፣ ካላላናት መጥበቅ ነው። ፊደሉ ግን አንድ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ «ሐኪሙን እየጠበቅኩ ነው» ያለን ሰው «ዘበኛው ነህ እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። አጠገቡ ያሉት ቃላት ይነግሩናል።

ስፓኒሽም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ ቃሎቹ የሚነሱበት ቦታ ላይ ነው። የእኛ ቃል በአንድ በኩል ጥበቃን ይዟል፣ በሌላ በኩል መጠባበቅን። የእነሱ ቃል በአንድ በኩል መጠባበቅን ይዟል፣ በሌላ በኩል ተስፋን። መሐል ላይ ይገናኛሉ። እኛ ተስፋ የሚለውን ሐሳብ በሌላ ቃል እንሸፍነዋለን። እነሱ ደግሞ ጥበቃን በሌላ ቃል ይሸፍኑታል።

የቃሉ ሥር በላቲን ስፔራሬ ነው፤ ተስፋ ማድረግ ማለት ነው። ከላቲን የወጡት ቋንቋዎች ሁሉ ግን በአንድ መንገድ አልሄዱም። ጣልያንኛ ስፔራሬን ለተስፋ ብቻ አስቀርቶ ለመጠበቅ አስፔታሬ ይላል። ፈረንሳይኛም ኤስፔሬን ለተስፋ፣ አታንድርን ለመጠበቅ ለይቷል። ፖርቱጋልኛ ከስፓኒሽ ጋር አብሮ ሁለቱንም በአንድ ቃል ይዟል። ፈረንሳይኛ ለተማራችሁ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የአታንድር ወንድም የሆነው አቴንዴር ስፓኒሽ ውስጥም አለ፤ በጥንቱ ስፓኒሽ መጠበቅ ማለትም ነበር። ዛሬ ግን ማስተናገድ ወይም ልብ ብሎ መስማት ነው። ሱቅ ገብታችሁ «አቴንዴር» ሲባል ብትሰሙ «ጠብቁ» ተባልን ብላችሁ እንዳትቆሙ።

ታዲያ ሲናገሩ የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ በምን ልለይ?

ከቃሉ በኋላ የሚመጣውን ስሙ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሰው ወይም ዕቃ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መጠበቅ ነው። «ኤስፔሮ ኤል አውቶቡስ» አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነው ማለት ነው። «ቴ ኤስፔሮ» እጠብቅሃለሁ ወይም እጠብቅሻለሁ ነው። ጓደኛዬ ይህን ብትለኝ ኖሮ ትክክል እሆን ነበር።

ቀጥሎ የመጣው «ኬ» ከሆነ ጆሯችሁን አቁሙ። «ኬ» ሌላ ዓረፍተ ነገር ታስከትላለች። የሚከተለው ግስ የምኞት መልክ ከያዘ ተስፋ ነው። «ኤስፔሮ ኬ ቤንጋስ» ውስጥ «ቤንጋስ» የመምጣት የምኞት መልክ ነው። በወደፊት ጊዜ ሆኖ «ኤስፔሮ ኬ ቤንድራስ» ቢባል ደግሞ «ትመጣለህ ብዬ እጠብቃለሁ» ወደሚለው ያደላል። ተናጋሪው እርግጠኝነት አለው። ይሄኛው ብዙ አይሰማም፤ የመጀመሪያው ግን በየቀኑ ነው።

ይህ የምኞት መልክ ብዙ ተማሪ ያስመርራል። ለእኛ ግን እንግዳ አይደለም። «እንድትመጣ እፈልጋለሁ» እንላለን። «እንደምትመጣ አውቃለሁ» እንላለን። አንዱ ምኞት ነው፣ አንዱ እውቀት። «እንድትመጣ አውቃለሁ» ያለ ሰው ቢኖር ወዲያው ጆሯችንን ይቆረቁረዋል። ቤንጋስ እና ቤንድራስ የተለያዩት በዚህ ዓይነት ስሜት ነው። አስተማሪ ሰንጠረዥ ሲሰጣችሁ ይህን የራሳችሁን ጆሮ አስታውሱ። ተስፋን በተመለከተ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኛ «እንደምትመጣ ተስፋ አደርጋለሁ» ማለት እንችላለን፤ ስፓኒሽ እዚያ ቦታ ላይ ምኞቱን ነው የሚፈልገው።

ከ«ኬ» በፊት ትንሽ «ኣ» ከገባች ነገሩ ይገለበጣል። «ኤስፔሮ ኬ ዬጌ» ማለት «እንደሚደርስ ተስፋ አደርጋለሁ» ነው። «ኤስፔሮ ኣ ኬ ዬጌ» ማለት «እስኪደርስ እጠብቃለሁ» ነው። በአንዲት ድምፅ ብቻ! ፈጠን ብለው ሲናገሩ «ኣ» ከፊቷ ካለው «ሮ» ጋር ተጣብቃ ታልፋለች። መጀመሪያ ላይ ካልሰማችኋት አትዘኑ፤ ጆሮ ይለምዳታል።

ቀጥሎ የመጣው ያልተረባ ግስ ከሆነ ተስፋ ነው። «ኤስፔሮ ቤርቴ ፕሮንቶ» በቅርቡ እንደማይህ ተስፋ አደርጋለሁ ማለት ነው። መልእክት ሲዘጉ የሚጽፉት ይህን ነው።

«ኤስቶይ ኤስፔራንዶ» ከተባለ፣ ማለትም «እየ…» በምንልበት መልክ ከመጣ፣ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ መጠበቅ ነው።

ሰው ስጠብቅ ልክ እንደ እንግሊዝኛው መሐል ላይ «ለ» የምትል ቃል ላስገባ?

አይ። እንግሊዝኛ የለመደ ሰው «ፖር» የምትለውን ቃል መጨመር ይቀናዋል። በመደበኛው ስፓኒሽ አያስፈልግም። የሚጠበቀው ሰው ከሆነ «ኣ» ትገባለች፦ «ኤስፔሮ ኣ ሚ ኤርማና»፣ እህቴን እየጠበቅኩ ነው። ዕቃ ከሆነ ምንም አይገባም። ይህችን «ኣ» እንደ እኛ «ን» አስቧት። የእኛ «ን» የምትመጣው ነገሩ ተለይቶ ሲታወቅ ነው። የእነሱ «ኣ» የምትመጣው ሰው ሲሆን ነው።

«ጠብቀኝ» እና «ይጠብቁኝ» እንዴት ይባላል?

እዚህ ላይ እንደ እኛ አክብሮት አላቸው። ለጓደኛ «ኤስፔራ» ወይም «ኤስፔራሜ» ይባላል። ለማታውቁት ሰው፣ ለደንበኛ፣ ለትልቅ ሰው «ኤስፔሬ» ወይም «ኤስፔሬሜ» ይባላል። አንድ ተነባቢ እንኳ አልተቀየረም። «ራ» «ሬ» ሆነች፣ አንተም እርስዎ ሆነ። ወንድና ሴት ግን አይለዩም። ጠብቅም ጠብቂም ያው «ኤስፔራ» ነው።

አሜሪካ ውስጥ ለድርጅት ስልክ ደውላችሁ ለስፓኒሽ ሁለትን ከተጫናችሁ የምትሰሙት «ኤስፔሬ»ን ነው፤ ማሽኑም ያከብራችኋል ማለት ነው። ስፔን ውስጥ የእግረኛ ማቋረጫ ላይ ያለው ቁልፍ ደግሞ «ኤስፔሬ ቤርዴ» ይላል። አረንጓዴውን ይጠብቁ ማለት ነው። በእነሱ ዘንድ አረንጓዴ የተስፋ ቀለም ነው፤ «ቤርዴ ኤስፔራንሳ» የሚባል የቀለም ስም አላቸው። እንደ ግጥም ያየሁት የትራፊክ ጽሑፍ ይህ ብቻ ነው።

ኤስፔራ እና ኤስፔራንሳ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ግሱ ያደባለቀውን ስሞቹ ለይተውታል። «ኤስፔራ» መጠበቁ ነው፣ «ኤስፔራንሳ» ተስፋው ነው። ሐኪም ቤት ያለው የመጠበቂያ ክፍል «ሳላ ዴ ኤስፔራ» ይባላል። የወረፋ ዝርዝር «ሊስታ ዴ ኤስፔራ» ነው። «ኤስፔራንሳ ዴ ቢዳ» ደግሞ የሕይወት ተስፋ አይምሰላችሁ። አንድ ሕዝብ በአማካይ ስንት ዓመት ይኖራል የሚለው ቁጥር ነው።

ኤስፔራንሳ የሴት ስምም ነው። እኛ ወንዱን ተስፋዬ እንደምንለው እነሱ ሴቷን ኤስፔራንሳ ይሏታል። ሆንዱራስ ውስጥ ላ ኤስፔራንሳ የምትባል ከተማ አለች፤ የኢንቲቡካ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት። በበርካታ የላቲን አሜሪካ አገሮች አንዲት ረጅም አንቴና ያላት አረንጓዴ ፌንጣ ኤስፔራንሳ ትባላለች። ምክንያቱ ቀለሟ ነው።

«ኤስታ ኤስፔራንዶ» ብለው ስለ አንዲት ሴት ሲያወሩ ምን እየጠበቀች ነው?

ልጅ። ነፍሰ ጡር ናት ማለታቸው ነው። ሙሉው «ኤስታ ኤስፔራንዶ ኡን ቤቤ» ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን ይተዉታል። ስፔኖች «በመልካም ተስፋ ላይ ናት» የሚል የቆየ አነጋገርም አላቸው፤ «ኤን ኤስታዶ ዴ ብዌና ኤስፔራንሳ»። በላቲን አሜሪካ «ላ ዱልሴ ኤስፔራ» ይላሉ፣ ጣፋጩ መጠበቅ። እኔ ከዚህ ቃል ሁሉ የምወደው ይህን ቦታ ነው። እርግዝና ላይ መጠበቅና ተስፋ ማድረግ ምን ይለያቸዋል? አንድ ቀን ናቸው፣ አንድ ሆድ ውስጥ ናቸው።

ቤተ ክርስቲያናቸውም ሁለቱን አገናኝታቸዋለች። በ656 የተካሄደው አሥረኛው የቶሌዶ ጉባኤ ለእመቤታችን የሚሆን በዓል በዲሴምበር 18 ደነገገ። ከእነሱ ገና አንድ ሳምንት በፊት ማለት ነው። በዓሉ የመውለጃዋን ጊዜ የመጠባበቅ በዓል ተብሎ ይታወቃል። ያው በዓል የተስፋዋ እመቤት በዓልም ነው። በስፔኗ ሴቪያ ከተማ ሕዝቡ እጅግ የሚወዳት፣ ማካሬና የምትባል የእመቤታችን ምስል አለች፤ ሙሉ መጠሪያዋ ውስጥ ኤስፔራንሳ አለ። በእነሱ የስቅለት አርብ ንጋት በከተማው መንገድ ስትወጣ ሰው ሌሊቱን ቆሞ ይጠብቃታል። እዚያ የቆመ ሰው «ኤስፔሮ» ቢል የቱን ማለቱ እንደሆነ ለመለየት አልሞክርም።

«አግዋርዳር» የሚለውስ? እሱም መጠበቅ ነው ተብዬ ነበር።

አዎ፣ ነው። ግን ተስፋ የለበትም፤ መጠበቅ ብቻ ነው። ትንሽ የመጽሐፍ ቋንቋ ይመስላል። ጓዳ ውስጥ ብዙ አትሰሙትም፣ ደብዳቤ ላይ ታገኙታላችሁ።

የሚገርመው አሠራሩ ነው። የወጣው «ግዋርዳር» ከሚለው ነው። ግዋርዳር ማለት ደግሞ መጠበቅ፣ ልክ ዘበኛ እንደሚጠብቀው። እንግዲህ ስፓኒሽም እንደ አማርኛው ከጥበቃ ተነስቶ መጠባበቅ ላይ የደረሰ ቃል አለው! እኔ ይህን ሳገኝ ለብዙ ሰው ደውያለሁ።

ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ማየት ለሚፈልግ መዝሙር 27 ቁጥር 14ን ልጠቁም። ሬይና ቫሌራ በሚባለው የ1960 የስፓኒሽ መጽሐፍ ቅዱስ ጥቅሱ በአግዋርዳ ይጀምርና በኤስፔራ ያበቃል። በአማርኛው ሁለቱም ቦታ ላይ «ተስፋ አድርግ» ነው። መጽሐፍ ቅዱሱን ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላውቅም። ትርጉሙን ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ፣ የሚቀራችሁ ቃሉን መስማት ነው።

ተስፋ መቁረጥ እንዴት ይባላል?

«ዴሴስፔራር»። እኛ ተስፋን እንቆርጣለን። እነሱ ቃሉ ፊት ላይ «ዴስ» ጨምረው ይሽሩታል። «ዴሴስፔራዶ» ተስፋ የቆረጠ ነው፤ በጣም የቸኮለና የጨነቀው ሰውም እንደዚያው ይባላል። «ኢኔስፔራዶ» ደግሞ ያልተጠበቀ ነው፤ እዚህ ላይ ተስፋ የለም፣ መጠበቅ ብቻ አለ።

«ኤል ኬ ኤስፔራ ዴሴስፔራ» የሚል ምሳሌያዊ አነጋገር አላቸው። የሚጠብቅ ሰው ተስፋ ይቆርጣል እንደ ማለት ነው። ወደ እኛ ቋንቋ ስታመጡት ቤት መምታቱም ጨዋታውም ይጠፋል። በስፓኒሽ ግን ከራሱ ከቃሉ ሆድ ውስጥ ተቃራኒው ይወጣል፤ ተስፋ የሚያደርገውም ተስፋ የሚቆርጠውም ያው ሰው ነው።

አንዳንዱ ሰው ሲናገረው ጭራሽ ሌላ ቃል ይመስለኛል። ለምን?

አገሩ ይለያያል። በካሪቢያን ደሴቶችና በመካከለኛው አሜሪካ በብዙ ቦታ መሐል ላይ ያለችው «ስ» ትሟሟለች፤ «ኤህፔራ» ይሆናል። ፖርቶ ሪኮ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለችው «ር» ብዙ ጊዜ ወደ «ል» ታደላለች፤ «ኤስፔራል» ትሰማላችሁ። በማድሪድ «ኤስፔራንሳ» ውስጥ ያለችው «ሳ» ምላስ በጥርስ መሐል ወጥቶ ነው የምትባለው።

በደርግ ዘመን ወደ ኩባ ተልከው ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ በተባለችው ደሴት የተማሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። ከእነሱ አንዱን ካገኛችሁ «ኤስፔራር» በሉልኝ ብላችሁ ጠይቁ። የምትሰሙት የኩባውን ነው፤ የማድሪዱን አይደለም። የትኛውም ስህተት አይደለም። በሁሉም ዘንድ ግን ጉልበቱ የሚያርፈው መጨረሻው ላይ ነው፦ ኤስፔ-ራር።

ኤስፔራንቶ የሚባለው ቋንቋ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ከአንድ ሥር ነው። ዛሜንሆፍ የተባለው ሐኪም የፈጠረውን ቋንቋ በ1887 ያሳተመው «ዶክተር ኤስፔራንቶ» በሚል የብዕር ስም ነው። ተስፋ የሚያደርገው ዶክተር ማለት ነው። በዚያ ቋንቋ ግን ኤስፔሪ ተስፋ ብቻ ነው፤ ለመጠበቅ አቴንዲ የሚል ሌላ ቃል ተሰጥቶታል።

«ተስፋ አደርጋለሁ» ብዬ በአጭሩ ብቻ መመለስ ብፈልግስ?

«ኤሶ ኤስፔሮ» በሉ። «እንደዚያ ተስፋ አደርጋለሁ» ነው። «ኤስፔሮ ኬ ሲ» አዎንታ ነው፤ «ኤስፔሮ ኬ ኖ» ደግሞ «እንዳይሆን» ነው። ሐኪሙ ጥሩ ዜና ያመጣ ይሆን? ኤሶ ኤስፔሮ። ነገ ዝናብ ይኖራል? ኤስፔሮ ኬ ኖ።

ምኞቱ ከልብ ከሆነ ግን ኤስፔራርን ተዉትና «ኦኻላ» በሉ። ይህ ቃል ወደ ስፓኒሽ የገባው ሙስሊሞች በስፔን ምድር ከ711 እስከ 1492 በገዙበት ዘመን ከተነገረው አረብኛ ነው። አላህ ከፈቀደ ከሚል አነጋገር የወጣ ነው። ዱባይ ወይም ቤይሩት የኖራችሁ «እንሻላህ» የሚለው ጆሯችሁ ውስጥ ስላለ ዘመድነቱን ወዲያው ትሰሙታላችሁ። ከ«ኦኻላ» በኋላ የሚመጣው ግስ ሁልጊዜ የምኞት መልክ ነው፤ ከኤስፔራር ይልቅ ይቀላል፣ የሚያምታታ ሁለተኛ ትርጉም የለውም።

ያቺ የሥራ ባልደረባዬ አሁን ሁለተኛዋ ልጇ 15 ሊሞላት ነው። ባለፈው ወር ስትነግረኝ «ኦኻላ ቤንጋስ» አለችኝ። «ቴንጎ ሊብሬ ኤል ሳባዶ» አልኳት፤ ቅዳሜ ሥራ የለኝም።